የጋሽ መብረቅ እርሳስ

በዚያ ከተማ የግማሹን ሰው የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍታችሁ የክዳኑን ውስጥ ብታዩ፣ በአናጢ እርሳስ የተሳለች አንዲት መብረቅ ታገኛላችሁ። ሦስት ጭረት ናት፤ አንዷ ወደ ታች፣ አንዷ ወደ ጎን፣ አንዷ እንደገና ወደ ታች። ከሥሯ ቀን ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም፤ ስም የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም። ስም ምን ያደርጋል? የጋሽ መብረቅ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ ትናንት ከተማ የገባ እንግዳ ነው።

ጋሽ መብረቅ አርባ አንድ ዓመት ኤሌክትሪክ ሠርተዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ራሳቸውም የሚያስታውሱት መታወቂያ ሲያሳድሱ ብቻ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ። እርሳሷ ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ ጠፍታ አታውቅም። ባለቤታቸው፣ ምላሳቸው ስል የሆነው ልብስ ሰፊዋ፣ "የዚህ ሰው ጆሮ የተፈጠረው እርሳስ ለመያዝ ነው፤ ለመስማትማ አልሠራም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ያቺ ምልክት እንደዋዛ የምትሳል አይደለችም። ሥራው አልቆ፣ መብራቱ በርቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ ካበቃ በኋላ ነው እርሳሷ ከጆሮ የምትወርደው። "ይህቺን ከሳልኩ በኋላ የቤቱ ሰው ቢሞት በሽታ ገድሎት ነው፤ ኤሌክትሪክ አይደለም" ይሉ ነበር፣ ደረታቸውን ነፍተው። ሰውም ያምናቸው ነበር። የቤት ሻጭ እንኳን ገዢ ሲያስጎበኝ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ "ይኸው፣ መብረቋን እይ" ብሎ ይመጻደቅባታል። ታዲያ ሰው በዚህ ባይኮራ በምን ይኩራ?

ሦስት ወንዶች ወለዱ፤ ሦስቱም የቢሮ ሰው ሆኑ። ወንበር ላይ ተቀምጠው አምፖል ሲቃጠልባቸው አባታቸው ጋ የሚደውሉ ልጆች! መጨረሻ የመጣችው ሴት ልጅ ግን በሰባት ዓመቷ የእናቷን ካውያ ፈታታ ገጠመችው፤ ሠራም። ትምህርቷን ስትጨርስ "አባዬ፣ ካንተ ጋር ልሥራ" ስትላቸው ብልጭ አለባቸው። "ሴት ልጅ መሰላል ላይ? ሰው ምን ይለኛል?" አሉ። ባለቤታቸው ከልብስ ስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ስትጀምር መሰላሉን የያዝኩልህ እኔ አይደለሁም? መያዝ ከቻልን መውጣት ያቅተናል?" አሏቸው። ጋሽ መብረቅ የጫማ ቡርሽ አነሱ። መልስ ሲያጡ ጫማ መወልወል ነው ልማዳቸው፤ የዚያን ቀን የቤቱ ጫማ በሙሉ አበራ።

ስድስት ዓመት አብራቸው ሠራች። ቀጥሎ ሁለት ዓመት የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ስትመለስ፣ ቢጫ መለኪያ መሣሪያ፣ የደንብ መጽሐፍና ከወገቧ የማይወርድ ሜትር ይዛ መጣች። ጋሽ መብረቅ "እሜቴ ሜትር" አሏት፤ ስሙ ተለጠፈባት። ሠፈሩም እሜቴ ሜትር አለ። እሷ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። ሥራዋ ጥርት ያለ ነው፤ ሽቦዎቿ ሳጥን ውስጥ እንደተጎነጎነ ፀጉር ተስተካክለው ነው የሚተኙት። አባትዋ ሌላ ሰው ፊት "ማን አስተማራትና!" እያሉ ይኩራራሉ። ፊት ለፊቷ ግን አንድም ቀን "ጥሩ ነው" ብለዋት አያውቁም። እርሳስም አልሰጧትም።

የእርሳሱ ነገር እንዲህ ነው። ክዳን ላይ ምልክት ማድረግ የሚፈቅደው ያስተማረው ሰው ነው። ጋሽ መብረቅም ከመምህራቸው የተቀበሉት ሥራ በጀመሩ በስምንተኛ ዓመታቸው ነበር። እስከዚያ ተማሪ ሥራውን ቢጨርስም ክዳኑን ባዶውን ይዘጋል። ልጅቱ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከጀመረች አሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል። በየዓመቱ አንዴ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ "አባዬ፣ እርሳሱስ?" ትላቸዋለች። "ገና ነሽ" ይሏታል። ክዳኗን ባዶውን ዘግታ ትወጣለች።

እንግዲህ ወደ ገንዳው እንምጣ።

ጡረታ የወጡ አንዲት የጥርስ ሐኪም አሉ፤ ሠፈሩ በሙሉ "ዶክተር" ነው የሚላቸው። መንጋጋውን ያልነቀሉት የከተማ ሰው የለም። ግቢያቸው ውስጥ ቤቱን ሲገዙ አብሮ የመጣ የመዋኛ ገንዳ አለ። ከአራት ወር በፊት የገንዳውን ኤሌክትሪክ እንድታድስላቸው እሜቴ ሜትርን ጠሯት። ገብታ ስታይ ራሷን ያዘች። ከውሃው ጠርዝ አንድ ክንድ የማይርቅ ሶኬት ነበር፤ ያውም ክዳን የሌለው። እሱን ነቅላ ጣለችው። ሜትሯን ዘርግታ፣ ከጠርዙ ሦስት ሜትር ተኩል አልፋ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋ፣ ክዳን ያለው ሶኬት ተከለች። ለገንዳው ሁሉ ደግሞ ለብቻው ኃይል የምትቆርጥ ልዩ ብሬከር ገጠመችለት።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ አባትዋ፣ "ሶኬት በዓይን ነው እንጂ በሜትር ይተከላል? አርባ ዓመት በዓይኔ ለክቼ ማን ሞተብኝ?" ብለው ተነሱባት።

"ደረቅ ሰውና እርጥብ ሰው አንድ አይደሉም፣ አባዬ። ደረቁን ነዝሮ የሚለቀው ኤሌክትሪክ እርጥቡን ይገድለዋል። ውሃ ውስጥ ያለ ልጅ እጁን ዘርግቶ ሶኬት ላይ መድረስ የለበትም። ገመድ ተጎትቶም ውሃው ጋ መድረስ የለበትም።"

"ብሬከሯስ ምን ትሠራለች? ተራው ምን አነሰው?"

"ይህቺ የወጣውንና የተመለሰውን ነው የምትቆጥረው። በአንዱ ሽቦ የሄደው በሌላው ካልተመለሰ፣ ሌላ መንገድ ይዟል ማለት ነው። ያ መንገድ የሰው ገላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንንም ሳትጠይቅ ትቆርጣለች።"

ጋሽ መብረቅ ኮምጣጤ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማድደው አዳመጡና በሳቅ ፈነዱ። "ቀናተኛ ሚስት በይኛ! ባሏ በወጣበት በር ካልተመለሰ ቤቱን ጥርቅም!"

ከስፌት መኪናው በኩል መልስ መጣ። "በር የምትዘጋ ሚስት ያለምክንያት አትዘጋም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ብሬከር በዚያ ቤት ስሟ "ቀናተኛዋ" ሆነ።

አራት ወር ቀናተኛዋ ጸጥ ብላ ኖረች። አንድ ሐሙስ ቀን ግን፣ ልጅቱ ሌላ ከተማ የዱቄት ወፍጮ ልትገጥም በሄደችበት፣ ዶክተር ወደ ጋሽ መብረቅ ደወሉ። "ልጅዎ የገጠመችው ነገር እየወደቀ አስቸገረን። ማብሪያውን ስጫን ለአፍታ ይበራና ጠብ! ድርግም ይላል። እሷ ጋ ብደውል ስልኳ አይሠራም። ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጆቼ ሊዋኙ ይመጣሉ፤ ዘጠኙም። ምን ይሻለኛል?"

ዋሽቼ ምን ላገኝ፤ ጋሽ መብረቅ ደስ አላቸው። ሰው በልጁ ሥራ መበላሸት ደስ ይለዋል ወይ? አይለውም። ግን የሙያ ቅናት የሚባል ነገር አለ፤ አባትና ልጅ አይልም። የተተኮሰ ኮታቸውን ለበሱ፣ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አነገቱ፣ እርሳሷን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሄዱ።

ከገንዳው ጀርባ ያለችውን የፓምፕ ክፍል ከፈቱ። የፓምፑና የውሃ ውስጥ መብራቶቹ ማብሪያ አንድ ነው፤ ድሮ ሲሠራ እንደዚያ ነው የተሠራው። ተጫኑት። ውሃው ለቅጽበት ሰማያዊ ሆነና ቀናተኛዋ ጠብ አለች። መለሷት፤ ጠብ። ሦስተኛ፤ ጠብ። ፓምፑን በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉ፤ አልጋለም። አሸተቱ፤ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ሽቦዎቹን ጎተት ጎተት አደረጉ፤ ንቅንቅ የለም፤ የልጃቸው እጅ ነዋ። ሁሉም ነገር ደህና ነው። ታዲያ ጥፋተኛዋ ማን ናት? ራሷ ናታ! በእሳቸው ዘመን እየወደቀ የሚያስቸግር ብሬከር የታመመ ብሬከር ነው፤ መድኃኒቱም አንድ ነው። በሙያው ቋንቋ "ዳይሬክት" ይሉታል። ገመዶቹን ከቀናተኛዋ ውስጥ መዘው አወጡ፣ እርስ በርስ አገናኙ፣ በጥቁሩ ማጣበቂያ ናስትሮ ጥቅልል አደረጓቸው። እሷ ባዶዋን ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ማብሪያውን ተጫኑት። ፓምፑ አጉረመረመ፣ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ በራ፣ ምንም አልወደቀም። ዶክተር አጨበጨቡ።

"እግረ መንገድዎን ጋሽ መብረቅ፣ ለሙዚቃ ማጫወቻው አንድ ሶኬት እዚህ ቢተክሉልኝ? ልጅዎ የተከለችው በጣም ራቀብኝ።"

እዚህ ያሉት ገንዳው ዳር የቆመው የጥላ ምሰሶ ላይ ነው። ምሰሶው ከውሃው አንዲት እርምጃ ነው። ጋሽ መብረቅ አንድ ጊዜ የሜትሩ ነገር ትዝ አላቸው። ትዝ አላቸውና ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በግማሽ ሰዓት ተከሉላቸው።

ከዚያም ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። ልጃቸው ባዶውን የዘጋችው ክዳን ውስጡ ነጭ ነው፤ ጭረት የለበትም። እርሳሷን ከጆሯቸው አወረዱና መብረቃቸውን ሳሉበት። ቀን ጻፉበት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ ከአውቶቡስ ወርዳ ቤት ስትገባ ወላጆቿ ዳቦና ሻይ ላይ ነበሩ። የሦስት ቀን የዱቄት ብናኝ ቅንድቧ ላይ ተቀምጧል። እጇን ታጥባ ቁጭ ከማለቷ አባትዋ አላስችል አላቸው።

"እሜቴ ሜትር፣ ቀናተኛዋን ገላገልኳት።"

"እንዴት አባዬ?"

"ዶክተር ቤት እየወደቀች አስቸገረች። ዳይሬክት መታኋት። አሁን እንደ ሙሽራ ቤት ቦግ ብሏል።"

ልጅቱ ዳቦውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "ለምን እንደምትወድቅ አገኘኸው?"

"ምን አገኛለሁ? ሁሉም ነገር ደህና ነው። እሷ ናት የታመመችው።"

"አራት ወር ሙሉ ጤነኛ የነበረች ብሬከር በአንድ ቀን አትታመምም። የሆነ ነገር እያመለጠ ነው፣ አባዬ። ውሃው ውስጥ ሊሆን ይችላል።" ሰዓቷን አየች። "ልጆቹ የሚመጡት መቼ ነው?"

"ዛሬ። በሦስት ሰዓት" አሉ እናትዋ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ልጅቱ ዶክተር ጋ ደወለች፤ አይነሳም። እንደገና ደወለች፤ አይነሳም። ቦርሳዋን አንስታ ቆመች።

ጋሽ መብረቅም ተነሱ፤ የግንባራቸው ደም ሥር ተገታትሯል። "የት ልትሄጂ ነው? ሰው ፊት የአባትሽን ሥራ ልትፈቺ? አርባ አንድ ዓመት ያቆምኩትን ስም በአንድ ጠዋት ልታፈርሺው?"

"አባዬ፣ ዘጠኝ ልጅ ነው" አለችና በሩን ከፍታ ሮጠች።

እሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ። የጫማ ቡርሽ ፈለጉ። ባለቤታቸው ቡርሹን ከእጃቸው ነጥቀው ጫማውን ፊታቸው አስቀመጡት። "አንተ ሰውዬ፣ ልክ ከሆንክ ሂድና ስትሳሳት እያት። ልክ ካልሆንክ ደግሞ ሂድና አግዛት። በሁለቱም መንገድ ጫማህን አድርግ።"

አደረጉት።

ከቤታቸው እስከ ዶክተር ግቢ ለወጣት አሥር ደቂቃ ነው። ጋሽ መብረቅ በስልሳ አምስት ዓመታቸው በስንት እንደደረሱ አላውቅም፤ ያየ ሰው ሁሉ ግን ቤታቸው የተቃጠለ መስሎት ነበር። መንገዱን ሁሉ ለልጃቸው የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነበር። "በእንቁላሉ ብቀጣሽ ኖሮ" የሚል ነበረበት። "ማን እጅሽን ይዞ አስተማረሽ" የሚልም ነበረበት። በሩ ለልጅቱ ቶሎ አልተከፈተላትም መሰለኝ፤ እሳቸው ሲደርሱ ግን የሰሙት የልጃቸውን ጩኸት ነው።

"ማንም ውሃውን እንዳይነካ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!"

ገቡ። ዘጠኙ ልጆች የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ገንዳው ዙሪያ ክው ብለው ቆመዋል። አትክልት ማጠጫው ጎማ ሥር ተለቃልቀው ውሃ ከላያቸው ይንጠባጠባል። ከሁሉ የምታንሰው፣ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ የብረቱን መሰላል በአንድ እጇ ይዛ ቀኝ እግሯን ውሃው ላይ አንጠልጥላለች። ሰማያዊው ውሃ ከሥሯ ያበራል። 

እሜቴ ሜትር ልጆቹን አልፋ ወደ ፓምፑ ክፍል ገባች። ዋናው ማብሪያ ወረደ፤ ውሃው ጨለመ። አንድ ሰው ሕፃኗን አቅፎ ከመሰላሉ አራቃት። ያ ሰው ጋሽ መብረቅ ነበሩ፤ እንዴት እዚያ እንደደረሱ አያውቁም።

ቀና ሲሉ የተከሏት ሶኬት ፊት ለፊታቸው ናት። የሙዚቃ ማጫወቻው ገመድ ተሰክቶባት እርጥቡ ንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ከምሰሶው ሥር ደግሞ፣ ልክ ከሶኬቷ በታች፣ ትናንሽ እርጥብ የእግር ዱካዎች አሉ። አንድ ልጅ እዚያ ቆሞ ነበር። በእርጥብ እጁ ድምፅ ሊጨምር፣ ወይም ሊሰካ፣ ወይም ሊነቅል። ጋሽ መብረቅ ዱካዎቹን ቆጠሩ፤ አራት ናቸው። ምን ይቆጥሯቸዋል? ግን ዓይናቸው እምቢ አላቸው።

ዶክተር ተደናግጠው፣ "ምን ተፈጠረ? አባትሽ እኮ ሠርተውታል!" አሉ።

ልጅቱ ከፓምፑ ክፍል ወጣች። አባትዋን አየች። ጋሽ መብረቅ አንገታቸውን ለሰይፍ እንዳዘጋጀ ሰው ጠበቋት።

"አባዬ ፍተሻውን ለእኔ ነበር የተወው" አለች። "እሱን ልንጨርስ መጥተን ነው።"

ኧረ ይህቺ ልጅ! በዘጠኝ ልጅና በአንዲት ዶክተር ፊት የአባትዋን ገመና ሸፈነች።  ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ መብረቅ ደረታቸውን ይነፉ ነበር፤ ያን ዕለት አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት።

ወደ ሥራ ገቡ። ናስትሮውን ፈታች፣ ገመዶቹን ወደ ቀናተኛዋ መለሰች። ማብራት ሲሞከር ልጆቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው እንዲቀመጡ አዘዘች፤ እነሱም እንደ ፈተና ክፍል ተማሪ ተቀመጡ። ማብሪያው ተጫነ፤ ጠብ። የፓምፑን ሽቦ አወለቀች፤ አሁንም ጠብ። አንደኛውን መብራት አወለቀች፤ ጠብ። ሁለተኛውን፤ ጠብ። ሦስተኛውን ስታወልቅ ቀናተኛዋ ቆመች። አልወደቀችም።

"እሱ ነው" አለች ልጅቱ።

ኃይሉን ዘጋች፣ ጎንበስ ብላ ሦስተኛውን መብራት ከገንዳው ግድግዳ ፈትታ አወጣችውና ለአባትዋ አቀበለቻቸው። አሮጌ መብራት ነው፤ ከመስተዋቱ ጠርዝ ያለው ጎማ ተሰንጥቋል። ጋሽ መብረቅ ዘቅዘቅ ሲያደርጉት ከውስጡ ውሃ ተንዠቀዠቀና የተወለወለ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። አንድ ሲኒ ሙሉ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ያን ውሃ ይዞ ወደ ገንዳው ሲያመልጥ ነበር ቀናተኛዋ የምትጮኸው። እሳቸው ደግሞ መጥተው አፏን አፈኑት።

"እንግዲህ" አሉ ዶክተር በቀስታ፣ "ስትወድቅ የነበረው…"

"ሥራዋን እየሠራች ነው" አለች ልጅቱ። ሌላ አልጨመረችም። በዚያው ልታልፈው ነው።

ጋሽ መብረቅ መብራቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። ስማቸው በጤና፣ ልጃቸውም ደግ፣ ነገሩም ያለቀ። ግን ዓይናቸው እነዚያ አራት ዱካዎች ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ከዳር ከዳር እያደረቀቻቸው ነው።

"ዶክተር፣ ልጄ ሸፈነችልኝ" አሉ ጮክ ብለው። "ፍተሻ አልተውኩላትም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይህቺ ብሬከር አደጋ አለ ብላ ስትናገር ሰምቼ ዝም አሰኘኋት። ያቺን ሶኬትም ልጄ ሜትር ይዛ ያራቀቻትን፣ እኔ በዓይኔ ለክቼ ውሃው አፍ ላይ አመጣኋት። ልጄ ዛሬ ባትደርስ ኖሮ…" አልጨረሱትም፤ ሕፃኗ እያየቻቸው ነበር።

ዶክተር የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ብዙ ሰው አፉን ከፍቶላቸው ያውቃል፤ እንዲህ የከፈተላቸው ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። "ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሽ መብረቅ። ደግ ልጅ አለችዎት" አሉ።

"ደግነቷን ተዉት፤ ባለሙያ ናት!" አሉ ጋሽ መብረቅ፣ ቁጣም ኩራትም በተቀላቀለበት ድምፅ። ካቻቪቴያቸውን አወጡና ሶኬታቸውን በገዛ እጃቸው ከምሰሶው ነቀሉት፤ ሽቦውንም እስከ ሥሩ መዝዘው አወጡት።

በረንዳ ላይ ከተደረደሩት አንዱ ትዕግሥቱ አለቀ። "ከእናንተ አለቃው ማን ነው? መቼ ነው የምንዋኘው?"

"አለቃዋ እሷ ናት" አሉ ጋሽ መብረቅ። "ካልፈቀደች እኔም አልዋኝም።"

አለቃዋ ቶሎ አልፈቀደችም። ሦስቱንም አሮጌ መብራቶች ከመስመር አወጣች፤ አዲስ እስኪገዛ ገንዳው ያለ መብራት ይሁን አለች። በቢጫው መሣሪያዋ መሰላሉን ለካች፣ ፓምፑን ለካች፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን የመሬት ሽቦ ለካች። የቀናተኛዋን መሞከሪያ ቁልፍ ተጫነች፤ ጠብ አለች። መለሰቻት፤ ቆመች። ከዚያ ብቻ ወደ በረንዳው ዞራ "ግቡ!" አለች፤ ዘጠኙም በአንድ ላይ ዘለሉ። ጋሽ መብረቅ ኮታቸው እስኪበሰብስ ድረስ ዳር ላይ ቆመው አዩዋቸው።

ልጅቱ ሳጥኑን ልትዘጋ ስትሄድ ተከተሏት። ክዳኑ ውስጥ የሐሙሷ መብረቅ አለች፣ ከነቀኗ። ጋሽ መብረቅ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ፈገፈጓት። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የሳሉትን ሲያጠፉ የመጀመሪያቸው ነው። እርሳሱ ግትር ነው፤ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደ። ነጭ ሆኖ ሲጠራ እርሳሷን ከጆሯቸው አውርደው ዘረጉላት።

ልጅቱ አልተቀበለችም። "አባዬ፣ ገና ነሽ ስትለኝ አልነበር?"

"ገና የነበርኩት እኔ ነኝ። ያዢ።"

ያዘች።  ሦስቱን ጭረት ሳለች፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች። ከዚያ ከመብረቋ ጫፍ ሥር አንዲት አግዳሚ መስመር ጨመረችበት። ቀን ጻፈች።

"ይህቺ ምንድን ናት?" አሉ ጋሽ መብረቅ፣ መስመሯ ላይ ጣታቸውን አድርገው።

"መሬት ናት፣ አባዬ።"

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ አዩት። "ጥሩ ነው" አሉ።

ልጅቱ ፊቷን ወደ ፓምፑ አዙራ ናስትሮ የምትፈልግ መሰለች።

ቤት ሲመለሱ የልጃቸውን ቦርሳ የተሸከሙት ጋሽ መብረቅ ናቸው። የሰው ቦርሳ ተሸክመው የማያውቁ ሰው ሲሸከሙ ያየ ሁሉ "ጋሽ መብረቅ፣ ምነው?" ይላቸዋል። "ከአለቃዬ ጋር ሥራ ላይ ነኝ" እያሉ ያልፋሉ። ባለቤታቸው በር ላይ ጠብቀው ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው፤ ኮታቸው እርጥብ፣ ጫማቸው ጭቃ፣ ጆሯቸው ባዶ። "እርሳሱ የት ሄደ?" ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ከልጅቱ ጆሮ ጀርባ አዩትና ዘጉት። 

ያን ቀን ከሰዓት ጋሽ መብረቅ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው መታረም ያለባቸውን ቤቶች መጥራት ጀመሩ። ዳይሬክት የመቱበት፣ ሶኬት ከውሃ ያስጠጉበት፣ "ተዉት ይሠራል" ብለው የወጡበት። ክዳኑን ሁሉ ያስታውሱታል፤ ምልክታቸው አለበታ። ባለቤታቸው ይጽፋሉ። አሥራ አራት ሆነ።

ሰኞ ማለዳ ከልጃቸው ጋር የመጀመሪያውን በር አንኳኩ፤ የዳቦ ጋጋሪው ቤት ነው። ጋጋሪው በእጁ ሊጥ ይዞ ወጣና ደነገጠ። "ጋሽ መብረቅ! ምን ተበላሸ?"

ጋሽ መብረቅ አንገታቸውን ቀጥ አደረጉ፤ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አያውቅም። "ልጄ የእኔን ሥራ ልታርም መጥታ ነው" አሉ። "መሰላሉን እኔ እይዝላታለሁ።"